አራት ዘንዶ በአንድ ጠረጴዛ፦ የአጫዋች ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ ገና አላለቀም። ከአራት ሰዎች ጋር የጀመርነውን የዲ ኤንድ ዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ) ጨዋታ እየተከታተልሁ የማሰፍርበት ነው። ጨዋታችንን ከሌላው የሚለየው ነገር አንድ ነው፦ ሰው ሆኖ የሚጫወት የለም። ሁሉም ዘንዶ ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ አጫዋች ዓለሙን ይተርካል። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ነገሩ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ከሆነ ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጣላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ዘንዶ በስሙ ላይ አለ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ሲያልቅ የሚገደል ጠላት ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. አሳታሚው ራሱ ተጫዋቾች ዘንዶ የሚሆኑበት አንድ ሳጥን አውጥቶ ነበር። እዚያ ዘንዶዎቹ ደሴቶች ላይ ይኖራሉ። የእኛዎቹ ስሜን ተራራ ላይ፣ ኤርታ አሌ አፋፍ ላይ፣ ጢስ ዓባይ ሥር ነው የሚኖሩት።

ተጫዋቾቼ እህቴ፣ አንድ አብሮ አደጌ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እና ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዳይስ ነክተው አያውቁም ነበር። ለምን እንደጋበዝኳቸው ወደ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል።

ነሐሴ፣ ቁጥሮቹ

ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል ሒሳቡን ያዝኩ። የምንጫወተው በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትም ነው። መጽሐፉ ዘንዶን በዕድሜ አራት ቦታ ይከፍለዋል። እስከ 5 ዓመት ጫጩት ነው። ከ6 እስከ 100 ወጣት ይባላል። ከ101 እስከ 800 ጎልማሳ። ከዚያ በላይ ያለው ጥንታዊ ነው። እኛ ከጫጩት እንጀምራለን።

የእኛዎቹ አራት ዓይነት ናቸው፦ ቀይ፣ የብር፣ የነሐስና የመዳብ። ጫጩቶቹ እኩል አይደሉም። ቀዩ 75 የሕይወት ነጥብ አለው፣ ሲመታ የሚቀነስ፣ ሲያልቅ የሚወድቅበት ቁጥር ማለት ነው። የብሯ 45፣ የነሐሷ 32፣ የመዳቡ 22። እንዳሉ ብሰጣቸው ቀዩን የያዘ ሰው ብቻውን ይጫወታል፣ የቀሩት ያዩታል። ስለዚህ ሁሉንም 40 አደረግኋቸው። በየ10 ዓመቱ ደግሞ 10 ይጨምራሉ። ልዩነታቸው በትንፋሻቸው ይታይ አልኩ።

ትንፋሹን ሳጠና አንድ የሚገርም ነገር አገኘሁ። የብር፣ የነሐስና የመዳብ ዘንዶ ሁለት ሁለት ትንፋሽ አላቸው። አንዱ ይገድላል፣ ሌላው አይገድልም። የብሯ ብርድ ትተፋለች፣ ካሻት ደግሞ የምታደነዝዝበት አላት። ነሐሷ መብረቅ አላት፣ የምትገፋበትም አላት። መዳቡ አሲድ አለው፣ የሚያዘገይበትም አለው። ቀዩ እሳት ብቻ ነው ያለው። ሦስቱ ሳይገድሉ ማስቆም ይችላሉ። ቀዩ ግን ወይ ያቃጥላል ወይ ዝም ይላል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ራሳቸው እንዲደርሱበት ተውኩት።

የእሳቱ ጉልበት ሌላ ጉዳይ ነው። የቀይ ጫጩት አንድ ትንፋሽ ሰባት ባለ 6 ፊት ዳይስ ነው፣ በአማካይ 24 ገደማ ይመታል። መጽሐፉ ላይ ተራ ገበሬ ያለው የሕይወት ነጥብ 4 ነው። ቢሸሽ እንኳ ግማሹ ይበቃዋል። እንግዲህ መንደር የሚያጠፋ ልጅ ይዘን «ይዋጣልን» ብንል ጨዋታው ቡና ሳይፈላ ያልቃል። ጭንቀቱ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

ፍጥነታቸውንም አሰላሁት። ጫጩት በ6 ሰከንድ 60 ጫማ ይበርራል። ይህ 18 ሜትር ነው፣ በሰዓት ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በዚያው መጽሐፍ ፈረስም 60 ጫማ ነው የሚሄደው። ከራስ ደጀን ዳሎል በቀጥታ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሳያርፍ ቢበርር ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። ይህን ወድጄው እንዳለ ተውኩት። ዘንዶም ቢሆን መንገድ ይደክመው፣ እንግድነት ይወቅ።

መስከረም፣ ዘመኑና ካርታው

ዘመኑን ለመምረጥ ብዙ አልተጨነቅሁም። ዘመነ መሳፍንት። ከ1769 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ። ማዕከል የለም፣ በየአገሩ ጌታ አለ፣ ዛሬ የተማማለ ነገ ይዋጋል። ለዘንዶ የተመቸ አገር ነው።

ከዚያ ዕድሜውን ከዘመኑ ጋር ሳስተያየው በጣም ደነቀኝ። ዘመነ መሳፍንት 86 ዓመት ነው። በ1769 የ5 ዓመት ጫጩት የነበረ ዘንዶ በ1855 የ91 ዓመት ነው። በመጽሐፉ ቁጥር ገና ወጣት። አያት፣ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ የሚያልፉበት ያ ሁሉ ጦርነት ለእሱ የጉርምስና ዘመን ነው። ጨዋታው በሙሉ ምን ላይ እንደሚቆም ያኔ ታወቀኝ፦ ለሰው ቃል የገባ ዘንዶ፣ ሰውየው ሲሞት ቃሉን ምን ያደርገዋል?

ቦታዎቹ እንዲህ ሆኑ። ቀዩ ኤርታ አሌ ላይ፣ 613 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚፈላው ቋጥኝ አጠገብ ይኖራል። ከሥሩ ጨው የሚቆረጥበት ሜዳ አለ፣ ከባሕር ወለል በታች። የብሯ ራስ ደጀን ላይ ናት፣ 4,550 ሜትር ላይ፣ ከዋልያና ከጭላዳ ጋር። የነሐሷ ጢስ ዓባይ ሥር ናት። መዳቡን ባሌ ላይ አደረግሁት። ሶፍ ዑመር ዋሻ በሼሁ ስም የሚጠራ የተከበረ ቦታ ስለሆነ እሱን አልነካንም፤ እዚያው ወይብ ወንዝ ላይ ራቅ ብሎ ሌላ ዋሻ ፈጠርንለት። የጎንደር መሳፍንት ጠብ ባሌ አይደርስም። ይህ በኋላ ጠቀመን።

መስከረም መጨረሻ፣ ከመጀመራችን በፊት

ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ቁጭ ብለን ምን እንደምናስገባና ምን እንደማናስገባ ተነጋገርን። ይህን የማያደርግ አጫዋች እንዲያደርግ እመክራለሁ። እኛ ቤት ደግሞ ግድ ነበር። እያንዳንዳችን ስናድግ ያየነው ዘንዶ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ፣ ከነጩ ፈረስ ኮቴ ሥር ያለው ነው። ጋሼ ቀድመው ተናገሩ።

«ልጄ፣ በሰማዕቱ ጦር የሚወጋ አውሬ ሆኜ አልጫወትም።»

እህቴ ወዲያው «ጋሼ፣ አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ያወጣቸውስ ዘንዶ አይደል?» አለቻቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ተስማማን። ቅዱሳንም ሼሆችም በጨዋታው ውስጥ አይገቡም፣ አይወከሉም። ሰዎቹ ግን ይጸልያሉ፣ ይጾማሉ፣ በዓል ያከብራሉ።

ስም ስናወጣ የፈረስ ስም ይሁን የሚል ሐሳብ መጣ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት። አብሮ አደጌ ቀዩን ይዞ አባ ፍም ሆነ። እህቴ የብሯን ይዛ እሜቴ በረዶ። ባልደረባዬ እሜቴ ጢስ። ጋሼ አባ ማሚቶ ተባሉ፣ ዋሻ ውስጥ ሁሉን ነገር ሁለቴ የሚሰማ።

ጥቅምት፣ አንድ ትንፋሽ

የመጀመሪያው ጨዋታ ቀላል ነበር። አባ ፍም ስሜን እንግድነት ሄዷል። ከተራራው ሥር ካለች መንደር ወታደሮች ገብተው እህል ይዘርፋሉ፣ የገባሩን በግ ይነዳሉ። የዘመኑ ወታደር ደሞዙ ይኸው ነበር። አብሮ አደጌ አላመነታም። «እተፋለሁ» አለ። ዳይሱ ወረደ። ስምንት ሰው አለቀ። ጦርነቱ በዚሁ አበቃ።

ጠረጴዛው ላይ ደስታ ነበር። እኔም የምፈልገው እሱን ነበር፣ መጀመሪያ ይቅመሱት። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከቤቷ አወጣሁ። መሬት ሳመችና እንዲህ አለች፦

«እግዜር ይስጥልን ጌቶቼ። ነገ ጌታቸው ሌላ ጦር ይልካል። እናንተ ነገ የት ናችሁ?»

አባ ፍም ነገ ኤርታ አሌ ነው። እሜቴ በረዶ ነገ ዋሻዋ ውስጥ ተኝታ ነው፣ ጫጩት እንቅልፍ ያበዛል። መልስ ጠፋ። የቀረውን ሰዓት በሙሉ ስለዚያች ጥያቄ ሲከራከሩ አመሹ። መንደሩ ይሰደድ? ለጌታው መልእክት ይላክ? ማን ይላክ? ሰው ሲያየው የሚሸሸው ዘንዶ ይላክ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ አወጣሁ። ደብተሬ ላይ «የነገ ገጽ» የሚል አለ። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ሦስት ነገር እጽፍበታለሁ፦ ይህን ማን ሰማ? ማን ባለዕዳ ሆነ? ማን ፈራ? የሚቀጥለው ጨዋታ ከእነዚያ መልሶች ይወለዳል። ጭራቅ መፍጠር አላስፈለገኝም።

ኅዳር፣ ሀብት

ዘንዶ ያለ ሀብት አይሆንም፣ ወርቅ ላይ መተኛቱ የታወቀ ነው። እህቴ «የማርትሬዛ ብር አልጋ እፈልጋለሁ» አለች። እንግዲያው እናስላ ተባባልን። ማርትሬዛ 28 ግራም ይመዝናል፣ ከ1780 በኋላ የተመታው ሁሉ 1780 የሚል ዓመት ነው የሚታይበት። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ አልጋ፣ በሳንቲሞቹ መሃል ያለውን ክፍተት ቀንሰን፣ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ብር ይፈጃል። ክብደቱ ከሰባት ቶን በላይ ነው። በቅሎ አንድ ኩንታል ትጫን ብንል ሰባ በቅሎ። እህቴ በዚያ ሰዓት የነበራት ሦስት መቶ ብር ነው። እንደ ትራስ እንኳ አይሆንም። አልጋው የዕድሜ ልክ ሥራ መሆኑን ስታውቅ ይበልጥ ወደደችው።

የቀሩት ወርቅም ብርም አልፈለጉም። ይህን ነው የምወድላቸው። እሜቴ ጢስ ወንዙ ይዞባት የመጣውን ታከማቻለች፦ የተሰበረ ታንኳ፣ የከበሮ እንጨት፣ የሰጠመ ጎራዴ። አባ ማሚቶ ፍርድ ያከማቻሉ። በየአገሩ የተፈረደውን ነገር ከመንገደኛ ሰምተው በቃላቸው ይይዛሉ። የጋሼ ሐሳብ ነው፣ እኔ ላስበው አልችልም ነበር።

አባ ፍም አሞሌ ጨው መረጠ። ይህ ምርጫ ጨዋታውን ቀየረው። አሞሌ ያኔ ገንዘብ ነበር፣ በገበያ እንደ ብር የሚቆጠር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ይንራል። ኤርታ አሌ አጠገብ ጨው ማለት ድንጋይ ማለት ነው። ሲራራ ነጋዴ ጭኖት ደጋ ሲደርስ ግን ውድ ነው። አባ ፍም በቤቱ ድኻ፣ በሰው አገር ሀብታም ሆነ። ሀብቱን ለማየት ከቤቱ መውጣት አለበት። ጨው ደግሞ ዝናብ አይወድም። ስለዚህ ደጋ ላይ ደረቅ ዋሻ ያለው ወዳጅ ያስፈልገዋል።

ዘንዶዎች የሚጫወቱበት ጨዋታ ሁሉ አንድ ችግር አለበት። ዘንዶ ብቸኛ ነው፣ ለምን ከሌላ ዘንዶ ጋር ይውላል? «ትልቅ ጠላት መጣባቸው» የሚለው መልስ ለአንድ ማታ ይሠራል፣ ከዚያ ያልቃል። እኛ ጋ መልሱ ጨው ሆነ።

ታኅሣሥ፣ ሸንጎ

መጣላታቸው አልቀረም። አባ ፍም አሞሌውን እሜቴ በረዶ ዋሻ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ክረምት አልፎ ሲመለስ ጎደለበት። እህቴ ፈገግ ብላ «ኪራይ ነው» አለችው። አብሮ አደጌ ዳይሱን አነሳ። ሁለቱ ቢዋጉ አንዱ ይሞታል፣ ጨዋታውም ይሞታል።

ጋሼን የጋበዝኳቸው ለዚህ ቀን ነው። እጃቸውን ዘርግተው «ቆይ፣ ዳይሱን አስቀምጥ። አገር አለ፣ ሕግ አለ» አሉት። ከዚያ ከአባታቸው የሰሙትን የድሮ ሙግት አስተማሩን። በላ ልበልሃ። ሁለት ባላጋራ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ በግጥም እየከፈተ፣ ውርርድ እየተወራረደ የሚሟገትበት።

ሕጉን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አወጣን። ዘንዶ ዘንዶን ከከሰሰ ሸንጎ ይቀመጣል። ዳኛውን ሁለቱም ይመርጡታል። ዳይስ አይጣልም፣ ሰው በአፉ ይሟገታል። እያንዳንዱ ከሀብቱ አንድ ነገር ያስይዛል፣ የተረታ ያጣዋል። ፍርድ ሲሰጥ ተረቺው ዋስ ይጠራል። ዋሱ ሌላ ዘንዶ መሆን አለበት፣ ባለዕዳው ቃሉን ቢያጥፍ ከራሱ ሀብት ይከፍላል። ነገሩ እስኪያልቅ ደግሞ ሁለቱ ቁራኛ ናቸው።

ቁራኛን ጋሼ በቃል ብቻ አልተዉትም። የባለቤታቸውን ነጠላ አስመጥተው የእህቴንና የአብሮ አደጌን እጅ ጫፍና ጫፉን አሠሩ። በጨዋታው ውስጥም ሁለቱ ዘንዶዎች አንድ ተራ ይጋራሉ፣ አንዱ ሳይስማማ ሌላው አይበርርም። አብሮ አደጌ ቡና ሊቀዳ ሲነሳ እህቴም አብራ ተነሳች። በሳቅ ሞትን። ግን ደግሞ ተጠግተው መነጋገር ጀመሩ፣ ሥራውን ሠራ።

ከሳሽ ሲከፍት ማታውኑ ያሰናዳትን እንዲህ አለ፦

አደራ ብዬ ነው ጨዌን የሰጠኋት፣
ኪራይ እከፍላለሁ መች ብዬ ነገርኋት?

እህቴ ብዙ አላሰበችም፦

ክንፌን ዘርግቼ ነው ክረምቱ ያለፈው፣
ጠባቂ ካልበላ ጨውን ማን አተረፈው?

ጋሼ በአባ ማሚቶ ድምፅ ፈረዱ። ኪራይ ያልተዋዋሉበት ኪራይ የለም፣ ስለዚህ የተወሰደው ጨው ይመለስ። ግን ጨው ከዝናብ ያተረፈ ድካሙ አይቅርበት፣ ከሚቀጥለው ጭነት ጀምሮ ከአስር አንድ ይሁንላት። ዋስ እሜቴ ጢስ።

እዚህ ላይ ስለ ባልደረባዬ ልናገር። ብዙ የማትናገር ሰው ናት። በሌላ ጨዋታ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጥግ ይገፋል፣ ጮክ ያለው ይመራል። ዋስ የሚባል ነገር ሲመጣ ግን ሁሉም እሷን ፈለገ። ቃሏን አታጥፍም፣ አታዳላም። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ የሁሉም ዕዳ በእሷ እጅ ሆነ። ከአራቱ ዘንዶ ኃይለኛዋ እሜቴ ጢስ ናት ብል ማንም አይከራከረኝም። አንድም ሰው ላይ መብረቅ ተፍታ አታውቅም።

ጥር፣ ፍየሉ

ሰዎቹስ? አራት ነጥብ ያለው ገበሬ ዘንዶን እንዴት ይቋቋማል? መልሱን ከአክሱም ትውፊት አገኘሁት። ከነገሥታቱ በፊት አገሩን አርዌ የሚባል እባብ ይገዛ ነበር ይባላል፣ ሰዉም ይገብርለት ነበር። አጋቦስ የሚባል ሰው አርዌን በጉልበት አልገጠመውም። መርዝ የበላ ፍየል አቀረበለት።

ከተራራው ሥር ያለችው መንደር ለእሜቴ በረዶ በየበዓሉ አንድ ፍየል ትልክ ነበር፣ በፍቅር። በነገ ገጽ ላይ ግን አንድ መስመር ከጥቅምት ጀምሮ ተቀምጧል፦ ወታደሮቹ የሞቱበት ጌታ ሰምቷል። ይህ ጌታ ወደ መንደሩ ሰው ላከ። ዘንዶዋን ካስወገዳችሁ ለሰባት ዓመት ግብር አታወጡም አለ። ገበሬዎቹ ተመካከሩ። አለቀሱም፣ ልጆቻቸውንም ቆጠሩ። የጥምቀቱን ፍየል እረኛዋ ልጅ ይዛ ወጣች፣ ምን እንደያዘች አታውቅም።

እህቴ እንድታሸት ዳይስ አስጣልኳት። 3 ወጣ፣ አልሸተታትም። በላች።

በእኛ ሕግ መርዝ ዘንዶን አይገድልም፣ ያስተኛዋል። ለስንት ጊዜ የሚለውን ዳይስ ወሰነ፦ 21 ዓመት። እህቴ ወረቀቷን አስቀምጣ ዝም አለች። ሁሉም ወደ አባ ፍም ዞሩ። እሱ ያለው እሳት ብቻ ነው። መንደሩ ከሥሩ ነው። አብሮ አደጌ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ሐሳቡ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«አባ ፍም አይተፋም» አለ። «ዋሻው አፍ ላይ ይተኛል። ማንም አይገባም። እስክትነሳ።»

ጨውስ? አልኩት። ይቅር አለ። 21 ዓመት ሙሉ ጨው ሳይቆጥር ሊጠብቃት ወሰነ፣ ስለ ኪራይ በነጠላ ታስሮ የተሟገታትን። ስንት ዓመት ሳጫውት እንዲህ ያለ ውሳኔ ከማንም አላየሁም። ዳይስ አላስፈለገውም። ያኔ ነው ቀዩን የመረጠው ሰው ምን እንደያዘ የገባው።

የካቲት፣ 21 ዓመት

ዓመታቱን መዝለል ራሱን የቻለ ጨዋታ አደረግነው። ለእያንዳንዱ የዘመን ወረቀት ሰጠሁ፣ ቤቱ ወስዶ እንዲሞላ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ከምታውቀው ሰው ማን ሞተ? በቦታው ማን መጣ? ከሀብትህ ምን ጨመረ፣ ምን ጠፋ? ለሟቹ የገባኸው ቃል አሁን የማን ነው?

ወረቀቶቹ ተሞልተው ሲመለሱ ከጠበቅሁት በላይ ነበሩ። ባልደረባዬ ዋስ የሆነችባቸውን ዕዳዎች በሙሉ፣ የሞቱትን ሰዎች ጨምሮ፣ በልጆቻቸው ስም አዛውራ መዝግባለች። ጋሼ በ21 ዓመቱ የተፈረዱ ሦስት ነገሮች ጽፈው መጡ፣ አንዱ ስለ ንብ ቀፎ ነው፣ ለብቻው ቢነበብ የሚያስደስት። አብሮ አደጌ የጻፈው አጭር ነው። መንደሩ በመጀመሪያው ዓመት ፈርቶት ነበር፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ ሕፃን ድንጋይ ወረወረበት፣ በአምስተኛው ዓመት ከብቶች ከሥሩ ጥላ ይፈልጉ ጀመር።

ጾም ስለገባ ጠረጴዛው ላይ ቆሎና ዳቦ ብቻ ነበር። ረጅሙ ጨዋታችን የዚያን ማታው ሆነ።

እሜቴ በረዶ ተነሳች። መጀመሪያ የጠየቀችው እረኛዋን ልጅ ነው። ልጅቷ አሁን የልጆች እናት ናት፣ ፍየሉ ምን እንደነበረበት በኋላ ሰምታ ከዚያ ወዲህ ተራራው ላይ ወጥታ አታውቅም። እህቴ ወደ መንደሩ ልትወርድ ፈለገች። ጋሼ አስቆሟት። «ወርደሽ ምን ትያቸዋለሽ? ከሳሽ ነሽ ወይስ እንግዳ? ይህን ሳትወስኚ አትውረጂ» አሏት። አልወሰነችም። ጨዋታውን እዚያ ላይ አቆምን።

መጋቢት፣ ለሚቀጥለው

ያሰናዳሁት እንዲህ ነው። መንደሩ ስለ ዘንዶዋ መነሳት ሰምቶ ተሰብስቧል። ግማሹ ይቅርታ እንጠይቅ ይላል፣ ግማሹ እንሰደድ። የሰባቱ ዓመት የግብር ምሕረት በሦስተኛው ዓመት ተሽሯል፣ ጌታው ቃሉን በላ። ይህን እህቴ ገና አታውቅም። እሜቴ በረዶ ለክስ ብትወርድ ሰውና ዘንዶ የሚሟገቱበት የመጀመሪያው ሸንጎ ይሆናል። ሰው ለዘንዶ ዋስ መሆን ይችላል ወይ የሚለውን ጋሼን ጠይቄአለሁ፣ ሊያስቡበት ነው።

መሣሪያ እየበዛ ነው። ነፍጥ በየጌታው ቤት ይገባል። ስለዚህ ለነፍጠኛ ጓድ ቁጥር ማውጣት አለብኝ። አንድ ጥይት ዘንዶን አይጎዳውም፣ የመቶ ሰው ተኩስ ግን መቆጠር አለበት። የማስበው ጓዱን በሙሉ እንደ አንድ ፍጡር አድርጌ በአንድ ዳይስ ማስተኮስ ነው።

ማለቂያውንም አውቀዋለሁ። በ1855 ካሣ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ የጫነው ደረስጌ ማርያም ነው፣ ስሜን ውስጥ፣ ከእሜቴ በረዶ ተራራ ብዙ ሳይርቅ። መሳፍንቱን ሁሉ አስገብሮ አገር አንድ ላድርግ የሚል ንጉሥ ግብር የማይከፍሉ አራት ዘንዶዎችን ምን ይላቸዋል? ተጫዋቾቼ እስከዚያ ሌላ ትውልድ ወይም ሁለት ይሸኛሉ። ሌላ የዘመን ወረቀት አባዝቼአለሁ፣ በዚህኛው ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ በቁራኛ ብትታሠር ከማን ጋር መታሠር ትመርጣለህ?

እህቴ ትናንት ደውላ ነበር። ከሳሽ ሆና ለመውረድ ወስናለች፣ ግጥሟንም ጀምራለች። ዋስ ማን እንደሚሆናት ግን ገና አልነገረችኝም።